ሁለት ልብ ያለው ሾፌር

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። በቡድሃ እምነታችን በሦስቱ እንቁዎች እምላለሁ። እሱ ካልበቃችሁ በጂፕ መኪናዬ እምላለሁ፤ አንዲት ቃል ጨምሬ ከተገኘሁ ሞተሯ በጥር ወር፣ በተራራው ማለፊያ አናት ላይ፣ ያክ የሚባለው ጠጉራም የተራራ በሬ እንኳ በማይረግጥበት ሰዓት ትጥፋብኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሌህ እስከ ሾክራ ነድቻለሁ። አንድም ቀን ገደል አልገባሁም። ገደሉ ራሱ እኔን ሲያይ ፈቀቅ ይላል።

ሾክራ መንደራችን ናት፤ አርባ ሁለት ቤት፣ አንድ ወንዝ፣ አንድ አምቺ፣ የባህል ሐኪማችን ማለት ነው። ሆስፒታሉ ያለበት ከተማ ሌህ በደህና ቀን የዘጠኝ ሰዓት መንገድ ነው፣ እኔ በአራት ሰዓት እገባዋለሁ። በረዶው ሲወርድ ግን መንገዱ ለወራት ይዘጋል። ያን ጊዜ የታመመ ሰው ያለው አምቺው ብቻ ነው።

የእኛ አምቺ ሁላችንም «መሜ» እያልን፣ እንደ ገዛ አያታችን የምንጠራቸው ቱንዱፕ ናቸው። ሦስት ጣታቸውን የእጅህ አንጓ ላይ ያሳርፉና ዐይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ከዚያ ጉበትህ ከሐሞትህ ጋር ምን እንደተባባለ ይሰማሉ። ለወንድ ግራ እጁን፣ ለሴት ቀኝ እጇን ያስቀድማሉ። ሥርዓቱ ከቅድመ አያቶቻቸው የመጣ ነው፣ እሳቸውም አንድ ቀን አዛብተውት አያውቁም። አባቴን አንድ ጊዜ ግራ እጁን ይዘው ጥቂት ካዳመጡት በኋላ፣ «አንተ ሰው፣ ትናንት የጎረቤት አፕሪኮት ሰርቀህ በልተሃል፤ ለዚያውም ያልበሰለ» ብለውታል። አባቴ እስኪሞት ድረስ ግራ እጁን በእጅጌው እንደሸፈነ ኖረ።

እነዚህ ጣቶች ናቸው እንግዲህ የሞቱት።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ፣ ከማለፊያው ማዶ አንዲት ሴት ምጥ ጠንቶባት መሜን ጠሯቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነበር። በእግራቸው ሄዱ። እኔ በጀርባዬ ልሸከማቸው እችል ነበር፣ አንድ እጄን ኪሴ ከትቼ፤ ያን ቀን ግን ጉንፋን ይዞኝ ነበር። እናትና ልጅን አትርፈው ሲመለሱ ውርጩ ጣቶቻቸውን በልቷቸው ነበር። ቁስሉ ዳነ፣ ቆዳው መልኩን ያዘ። ስሜቱ ብቻ ሳይመለስ ቀረ። መሜም ለማንም ትንፍሽ ሳይሉ፣ አንጓ እየያዙ የሰሙ እየመሰሉ፣ ምላስ እያስወጡ፣ የማለዳ ሽንት በእንጨት እየመቱ አረፋውን እያነበቡ፣ እያዋዙ እየጠየቁ፣ ዓመቱን ሊጨርሱት ተቃረቡ።

የደረሰችባቸው የልጅ ልጃቸው ዲስኬት ናት። ሜዳው አገር ወርዳ ምሕንድስና የተማረች፣ ቀጭን፣ ከሰው ይልቅ ከብሎን ጋር ማውራት የሚቀናት ልጅ ነች። አንድ ቀን መሜ የፈላውን ማንቆርቆሪያ ከምድጃው ላይ በባዶ እጃቸው ብድግ አድርገው ሻይ ሲቀዱ አየቻቸው።

«መሜ! እሳት እኮ ነው!»

«ነው እንዴ?» አሉ። ቀድተው ጨረሱ። ከዚያ እጃቸውን፣ የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚያይ ሰው፣ እያገላበጡ አዩት። «እንግዲህ ደርሰሽበታል። ልንገርሽ፣ እጁ የማይሰማ አምቺ የሰው ገብስ እየበላ ከተቀመጠ ከጎተራ አይጥ በምን ይለያል? እስከ አዲስ ዓመት አንድ ትርታ፣ አንድ ብቻ ካልሰማሁ የመድኃኒት ቦርሳዬን ምሰሶው ላይ እሰቅለዋለሁ። ከዚያ በኋላ ማንም አንጓውን ይዞ እንዳይመጣ።»

በበረዶው ወቅት የሚውለው አዲስ ዓመታችን ሊገባ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር።

ዲስኬት አላለቀሰችም፣ ክፍሏ ገባች። ለሥራዋ የሚሆነውን ዕቃ ከሌህ ያመጣሁላት እኔ ነኝ። ካርቶኑ የጫማ ሣጥን ቢያክል ነው፤ ጂፔ ግን በውስጡ ያለውን ዕውቀት መሸከም አቅቷት ዳገቱን ሁሉ ስታቃስት ነው የወጣችው። በሳምንቱ ዲስኬት አንድ የቆዳ አምባር ይዛ ብቅ አለች። በአምባሩ ውስጠኛ በኩል፣ ልክ ሦስቱ የአምቺ ጣቶች በሚያርፉበት ቦታ፣ የገብስ ፍሬ የሚያህሉ ሦስት ዳሳሾች ተደርድረዋል። እነሱ የሰውየውን ትርታ ያዳምጡና በሽቦ ወደ አንድ ሣጥን ይልኩታል። ሣጥኑ ያጎላውና ለሦስት ትንንሽ መዶሻዎች ያቀብላል፤ እንደ ድመት መዳፍ የለሰለሱ ናቸው፣ ቆዳ ላይ ሲታሰሩ ትርታውን እየመቱ ይናገራሉ። ከሣጥኑ ጎን ደግሞ እንደ ሱቅ ደረሰኝ ያለ የወረቀት ጥቅል አለ፣ የትርታው ማዕበል በቀጭን ቀለም ይሣልበታል።

መጀመሪያ መዶሻዎቹን የመሜ ጣቶች ላይ አሰረቻቸው። ምንም። ከዚያ ዐይናቸውን አስጨፍና በአንዲት የፈረስ ጭራ ፀጉር እጃቸውን፣ ክንዳቸውን፣ አንገታቸውን ነካካቻቸው።

«አሁንስ?»

«የለም።»

«አሁንስ?»

«የለም አልኩሽ እኮ።»

ጉንጫቸው ላይ ስትደርስ መሜ እጃቸውን አወናጨፉ። «ሂጂ ወዲያ! በዚህ ብርድ ዝንብ ከየት መጣች?»

ዲስኬት ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የማን ትርታ ይደመጥ የሚል ነበር። መሜ፣ «ለዓመታት የማውቀው አንጓ ይሁን፤ ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ ራሴን እንዳልሸነግል» አሉ። ከአርባ ሁለት ቤት፣ ከመቶ ዘጠና ነፍስ መካከል፣ ተፈልጎ ተፈልጎ የተገኘው ሰው እኔ ሞሩፕ ነኝ።

«ያንተን ትርታ ለመስማት እንኳ ጣትም ጉንጭም አያስፈልግም» አሉኝ መሜ እየሳቁ። «አፍህ ይበቃል።»

ሚስቴ ቾሮልም አብራኝ እንድትመጣ አዘዙ። ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እንቢ ስላለን እሷ መድኃኒት ስትቀበል፣ እሳቸው አንጓዋን ሲይዙ ኖረዋል፤ እንደ ቤታቸው ደጃፍ ያውቁታል። እሷ ግን መጠባበቂያ ነበረች። እንደ ጂፕ ትርፍ ጎማ፣ ምናልባት ቢያስፈልግ ተብሎ።

ትርታ የሚነበበው ማለዳ ነው፤ ፀሐይ የተራራውን ጫፍ ነክታ የቤቱን ጣሪያ ሳትነካ፣ በዚያች መሐል። ተነባቢው መብላትም መጠጣትም የለበትም። ከዚያ በፊት ባለው ቀን ደግሞ ሥጋ የለም፣ ጠብ የለም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የገብስ ጠላችን ቻንግ የለም። ቻንግ ደም ውስጥ ገብቶ ይዘፍናል፣ አምቺው ከዘፈኑ በቀር ምንም አይሰማም።

እንደ ክፉ አጋጣሚ፣ በዚያው ዋዜማ ጎረቤቴ አንግቹክ ለእህቱ መታጨት ደገሰ። በእኛ አገር ኩባያህ ሦስት ጊዜ ሳይሞላ በቃኝ ማለት ባለቤቱን በአደባባይ መስደብ ነው። አንድ ጊዜ ፉት ካልክለት ቀጂው ወዲያው እስከ አፉ ይሞላዋል፤ ስለዚህ ሦስተኛው የቱ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አልተገኘም። እኔ ግን ምን አደረግሁ? የቀለበት ጣቴን ነክሬ ሦስት ጊዜ ወደ ሰማይ ረጨሁ፣ ለአማልክቱ። ኩባያውን አስቀመጥኩ። አንዲት ሽማግሌ፣ «እንዲህ ያለ ሰው እንደ መናኝ በዋሻ ነው እንጂ በሾፌር ወንበር አይቀመጥም» ብለው አለቀሱ።

ይህን ባወራሁ ቁጥር አንግቹክ ጣልቃ ይገባል።

«ሞሩፕ፣ ቀጂው እኮ እኔ ነበርኩ።»

«እና?»

«እናማ የቀዳሁትን አላውቅም?»

«አንተ ለሰው አንድ ስትቀዳ ለራስህ ሁለት ነው። ምኑን ታስታውሳለህ?»

«ወደ ሰማይ የረጨኸው እውነት ነው። የቀረው የት እንደገባ ነው የምጠይቅህ።»

እንዲህ ያለውን ሰው ዝም ብሎ ማለፍ ነው።

ማለዳው መጣ። እንደዚያ ያለ ማለዳ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም፣ ከዚያ በኋላም አላየሁም። በረዶው መሬት ላይ ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል። ስሄድ እግሬ አይሰማኝም፤ መንገዱ ራሱ ነበር ከሥሬ እየተሳበ ወደ መሜ ቤት የሚወስደኝ። የወንዙ ውኃ ከበረዶው ሥር በእንቅልፍ ልቡ ያወራል። ከጣሪያው በላይ ያሉት የጸሎት ባንዲራዎች ነፋስ ሳይኖር ይወዛወዙ ነበር፣ ቀስ ብለው፣ ውኃ ውስጥ እንዳሉ። ቾሮል ከጎኔ ትሄዳለች፤ ትንፋሿ እንደ ነጭ ሻሽ ወደ ኋላዋ ይቀራል። አንድ ነገር ትለኝ ነበር፤ አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ቃሉ ግን ከሩቅ፣ ከሌላ ሸለቆ ነው የሚመጣው።

ከዚያ ቤት ውስጥ ነበርኩ። በሩን መክፈቴን አላስታውስም፤ ለእንደኔ ያለ ሰው በር ራሱ ይከፈታል። መሜ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፣ መዶሻዎቹ ጉንጫቸው ላይ ታስረዋል። ቦርሳቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ምሰሶው ላይ አዲስ ሚስማር ተመትቷል፤ ሁላችንም ሚስማሩን ላለማየት ወለሉን እናያለን። ዲስኬት አምባሩን አቀረበች።

መሜም ቀኝ እጄን ቀድመው ያዙ።

እዚህ ላይ አንግቹክ ሁልጊዜ ይዘላል። «ለወንድ ግራ ነው የሚቀድመው!»

ነው። ለተራ ወንድ ነው። ማስረጃ ካስፈለገ ግን የወረቀቱ ጥቅል ቤቴ አለ፤ ዲስኬት በገዛ እጇ ከላዩ ላይ «መጀመሪያ ቀኝ» ብላ ጽፋበታለች። መሜ ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁትን ሥርዓት ለእኔ ሲሉ ገለበጡት። ምን ላድርግ?

አምባሩ ታሰረ። መጀመሪያ ምንም የለም። የምድጃው እሳት ይጤሳል፤ ከውጭ አንድ ውሻ ጮኾ ይተወዋል። መሜ ዐይናቸውን ጨፍነዋል። ዐይናቸውን ጨፍነው ሳያቸው ፊታቸው እንደ ደረቀ አፕሪኮት ሆኖ ታየኝ፤ ፍሬው ግን ገና ውስጡ ነበር።

ከዚያ ትርታዬ ተነሣ።

መጀመሪያ ወንዙ ነው የገባው። በመስኮቱ ሳይሆን በሽቦው። በረዶውን ሰብሮ፣ በቀጭኗ ሽቦ ውስጥ እየተጥመለመለ ሣጥኑ ውስጥ ፈሰሰ፤ ሣጥኑም ሞልቶ ቤቱን ሞላው፤ ማንንም ግን አላረጠበም። መደርደሪያው ላይ ያሉት የመዳብ ድስቶች አንድ በአንድ ማንጎራጎር ጀመሩ። ቀጥሎ ፈረሶች መጡ። አየኋቸው፣ ጭራቸው ብር የመሰለ፣ ጉልበታቸው እስኪሸፈን በውኃው ውስጥ ቆመው። አንደኛው አንገቱን አውጥቶ የመሜን ጉንጭ ሸተተ። የቤቱ ጣሪያ ተነሥቶ ሄደ። በላያችን ያለው ተራራ በጎኑ ተገላበጠ፣ ብርድ ልብሱን እንደሚስብ ሰው በረዶውን ወደ ራሱ ሳበ። በረዶው ከመሬት ወደ ሰማይ ይወርድ ነበር። ውጭ የቆመችው ጂፔ ማንም ሳይነካት ክላክሷን ነፋች፤ አንድ ረጅም ድምፅ፣ ልቤ ውስጥ ያለውን ሁሉ የሚናገር፣ የማያቋርጥ። ከዚያ አንድ ቀዝቃዛ እጅ ግንባሬን ነካኝ፣ እንደ ተባረከ እጅ፣ ድምፁም ቆመ። ሁሉ ነገር ቆመ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው የተሰማው። ትልቁ ትርታ፣ ዱብ፣ ዱብ፣ እንደ በሬ አረማመድ። ከሥሩ ደግሞ ሌላ፣ ትንሽ፣ ፈጣን፣ እንቁላል ውስጥ ሆኖ ቅርፊቱን የሚነካካ ጫጩት ዓይነት።

መሜ ዐይናቸውን ገለጡ። ሃያ ዓመት ተቀንሶላቸው ነበር፤ ሠላሳ ብል አልዋሸሁም። ብድግ ብለው፣ ድምፃቸው ገደል እስኪመልሰው ድረስ፣ «የሾክራ ሰዎች ሆይ! ዕድሜዬን ሙሉ አንጓ ይዣለሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው አላየሁም! ይህ ሰው ሁለት ልብ አለው! የመጀመሪያው ለራሱ ነው፤ ሁለተኛው ለዓለም ነው!» አሉ። ዲስኬት ተንበረከከች። ፈረሶቹም፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ተንበረከኩ። መሜ ቦርሳቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው ትከሻቸው ላይ አነገቱት፤ በሌላ እጃቸው ሚስማሩን ከምሰሶው ነቅለው ወደ ውጭ ወረወሩት። በዚያው ቅጽበት ፀሐይ ጣሪያውን ነካች።

ይኸው ነው። መሜ ዛሬ ሰማንያ አምስት ሊሞላቸው ነው፤ ቦርሳውም ትከሻቸው ላይ ነው። መንገዱ በተዘጋ ቁጥር አርባ ሁለት ቤት ተሰልፎ፣ አምባሩ አንጓው ላይ፣ መዶሻዎቹ ጉንጫቸው ላይ፣ ይደመጣል። የተሰለፈው ሁሉ በልቡ እኔን ያመሰግናል፤ አንዳንዱ ዐፍሮ በአፉ አይለውም እንጂ።

የወረቀቱን ጥቅል ዲስኬት ለቾሮል ሰጠቻት፣ ለእኔ አደራ እንድታስቀምጥልኝ መሆኑ ነው። በመስታወት አድርገን ከምድጃው በላይ ሰቅለነዋል። ትልቁ ማዕበል አለ፤ ከሥሩ ትንሹ አለ። ያ ሁለተኛው ልብ ብዙ አልቆየብኝም። ገብሱ ሲደርስ፣ ልክ በስምንተኛው ወር ከእኔ ወጥቶ ልጅ ሆነ። ስካልዛንግ ትባላለች፣ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ስትሮጥ ጂፔን ትቀድማለች። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ልጅ ያላለቀሰበት ቤት ዛሬ ጆሮ አያስተርፍም። ልጅን ከገዛ ልቡ ከፍሎ የሰጠ አባት ካለ ስሙን ንገሩኝና ሄጄ እጁን ልጨብጠው።

ይህን የጻፍኩትን ሁሉ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ማድ ቤታችን ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አንግቹክ በሶውን በቅቤ ሻይ እያሸ ያዳምጥ ነበር። ቾሮል ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ሱፍ ትፈትላለች።

«ፈረሶቹ ተንበረከኩ?» አለ አንግቹክ።

«ተንበረከኩ!»

«በየትኛው ጉልበታቸው?»

«ቾሮል፣» አልኩ፣ «አንቺ እዚያው ነበርሽ። ለዚህ ሰው ንገሪልኝ።»

እንዝርቷን አላቆመችም። ቀና ብላ በመስታወት የተሰቀለውን ወረቀት አየችው፣ ከዚያ ወደ ሱፏ ተመለሰች።

«ሞሩፕ፣» አለች፤ ምድጃው ላይ ያለው ውኃ ከእሷ ይበልጥ ይጮኻል፤ «አንተ እኮ ቤት ውስጥ አልነበርክም። መሜ ደጃፉ ላይ ሸተቱህና ‹ሂድ ተኛ› አሉህ። ጂፑ ውስጥ ተኛህ። ግንባርህ ክላክሱ ላይ ወድቆ ሲያስጮኸው ዲስኬት ወጥታ ነው ጭንቅላትህን ያነሣችው። ቀኝ እጅ የቀደመውም የእኔ ስለነበረ ነው።»

አንግቹክ ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀም፤ በሶው እጁ ውስጥ ቀርቷል።

«እስከ ዛሬ ዝም ያልኩህ ስታወራው ደስ ስለሚልህ ነው» አለች። «ወንዝም ፈረስም አልነበረም። ጸጥ ያለ ቤት ነበር። መሜ ብዙ ቆዩ። ‹የለም› አሉና ሚስማሩን አዩት። እኔ እጄን ልስብ ስል ያዙኝ፣ እንደገና ጨፈኑ። የተናገሩትም አንድ ነገር ነው፤ ዲስኬት እንኳ በደንብ አልሰማቻቸውም። ‹ቾሮል፣ ሁለት ሆናችሁ ነው የመጣችሁት› አሉኝ።»